የራዲም እጀ ጠባብ

ራዲም መዳፉን ዘርግቶ ሲጠራኝ የአተር ሾርባዬን ገና አልጨረስኩም ነበር።

«ቪት! ና ወዲህ። ዘንድሮ እጅ የምለዋወጠው ካንተ ጋር ነው።»

በእሳቱ ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሲያየኝ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ ያን ዕለት የጠፋብኝ ማንኪያው ነበር። ሾርባው ውስጥ ሰጥሞ ቀረ።

መንደራችን ከፕራሃቲሴ ከተማ በላይ፣ ጫካው ሥር ነው ያለው። ቤቶቹን ከግንድ ያቆምናቸው እኛው ነን። ቅዳሜና እሑድ እዚያ ወጥተን፣ አገሬው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እንደኖረው እንኖራለን፤ እንደዚያው እንለብሳለን፣ እንደዚያው እናበስላለን፣ ሊያይ የሚመጣው ጎብኚ ፊትም እንደዚያው እንሠራለን። ድንች ክልክል ነው፤ በዚያ ዘመን አልነበረማ። ዚፕም ክልክል ነው። ሰኞ ሲመጣ ራዲም አሳንሰር ሊጠግን፣ እኔም እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ሣንቃ ልደረድር እንሄዳለን።

እጅ መለዋወጥ በየዓመቱ ፀደይ ሲገባ፣ በመጀመሪያው እሳት ላይ የሚደረግ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች መዳፍ ለመዳፍ ይገጥሙና አንዱ ለሌላው ሥራ ያዛል። የታዘዘው ሰው ዕቃውን በዚያ ዘመን መሣሪያና በዚያ ዘመን ዘዴ ሠርቶ፣ በዓመቱ፣ መንደሩ ለጎብኚ በሩን በሚከፍትበት የገበያ ዕለት ላዘዘው ያስረክባል። ያዘዘው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ከጫካው ጀርባ እስክትገባ ድረስ ሕዝብ ፊት ይገለገልበታል። ዕቃው ከዋለ ሠሪው አሸነፈ። ካልዋለ በጋውን ሙሉ ለመንደሩ ውኃ ሲቀዳ ይከርማል።

ተነሥቼ ሄድኩና መዳፌን ሰጠሁት። ራዲም የማኅበራችን አለቃና ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በር ላይ ከቆመ ብርሃን የሚከለክል ሰው። እጄ እጁ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

«የማዝህ እጀ ጠባብ ነው» አለ። «የተልባ እግር። ከዘሩ ጀምረህ። ዘርተህ፣ ነቅለህ፣ ፈትለህ፣ ሸምነህ፣ ሰፍተህ።»

ከዚያ የቀረችውን እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ዞር ዞር አለ። የሚለብሰው እሱ ነውና ልኩን ማሳየቱ ነበር።

«ድንኳን ስፋልኝ በለው እንጂ! እጀ ጠባብ ብለህ ልጁን ለምን ታታልለዋለህ?» አለች ይትካ፣ ቢራ የምትቀዳው እኅቱ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

«ውኃ መቅዳቱ ይቅር» አልኩ። «በክቪዬታ ቤት እንወራረድ።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ።

ክቪዬታ ሸማኔያችን ነበረች፤ ከዚያ እሳት በፊት በነበረው የበረዶ ወራት ነው የሞተችው። መፍተልም መሸመንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሳታወራ ታስተምራለች፣ ሳላወራ እማራለሁ፤ ለሁለታችንም ተስማምቶን ነበር። ይትካ ቤቱ የቢራ በርሜል ማስቀመጫ እንዲሆንላት ጠይቃ ራዲም እሺ ብሏታል። ክፋት የለበትም። ቢራው ይሸጣል፣ የቢራው ገንዘብ የሚያፈሰውን ጣራ ሁሉ ያስጠግናል። የሽመና ዕቃው ግን ተፈታትቶ ጣራ ሥር ይወተፋል፤ አንዴ ከተፈታ መልሶ የሚገጥመው እንደማይኖር አውቃለሁ። ማንኪያ የማይጠፋብኝ ቦታ ደግሞ ያ ቤት ብቻ ነበር።

«እጀ ጠባቡ ከዋለ ቤቱ የሸማኔ ቤት ሆኖ ይቀራል፤ እኔም እይዘዋለሁ። ካልዋለ በርሜሉን ራሴ ተሸክሜ አስገባለሁ።»

ራዲም ትክ ብሎ አየኝ። «ከተናገርክ አይቀር እንዲህ ነው» አለ። «እሺ። አንተስ ምን ታዘኛለህ?»

«መርፌ።»

«ምን አልክ?»

«አንዲት የልብስ መርፌ። ብረቱን ግን ከሱቅ አታመጣም። ከአፈሩ አቅልጠህ ታወጣዋለህ። ከተሰበረች በጋውን በር ላይ ቆመህ ትኬት ትቆርጣለህ።»

«ቪት፣ ከአሳንሰር ሽቦ ቆርጦ እንዳያመጣልህ ጠብቀው!» አለች ይትካ።

ራዲም አልሳቀም። አውራ ጣቱን አገላብጦ እያየ ነበር። በዚያ ጣት መርፌ እንዴት እንደሚያዝ ያሰበ መሰለኝ።

«ተባለ» አለች አክስት ቦሁሚላ፣ መዳፎቻችንን እያላቀቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ስታድል ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ከሁላችንም በዕድሜ ስለምትበልጥ የምትዳኘን እሷ ነች።

ተልባውን ከእሷ ጓሮ ጀርባ ዘራሁት። ሲያብብ ሰማያዊ ነው፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይረግፋል። አረም መንቀል ሲገባኝ ተቀምጬ ያየሁበት ጊዜ ይበዛል። ቢሆንም ጥሩ ተልባ ነበር፤ ወገቤ ድረስ አደገ። ከነሥሩ ነቀልኩት፣ አደረቅሁት፣ ፍሬውን አራገፍኩት።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አገዳው ቃጫውን እንዲለቅ መበስበስ አለበት፤ ክቪዬታ ሣር ላይ አስጥታ ለጤዛ ትተወው ነበር፣ ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ቸኮልኩ። ኩሬ ውስጥ ከተዘፈዘፈ በጥቂት ቀን ይደርሳል። ያ ነሐሴ ደግሞ የጉድ ሙቀት ነበረው፣ ኩሬው ለገላ መታጠቢያ የተሞቀ ውኃ መስሏል። መሰንጠቂያው ጋ ሥራ በዛና ሳልወጣ ሰነበትኩ። ስመለስ ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። አንዱን ነዶ ሳነሣው እንደ በሰለ ጎመን ተልፈስፍሶ እጄ ላይ ቀረ።

ቦሁሚላ አንድ ዘለላ ቃጫ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ወዲያው በጠሰ።

«ልጄ፣ ይሄ ለአሻንጉሊት ልብስ ይሆን እንደሆነ እንጃ» አለች።

«ሌላ የለኝም።»

«ለከርሞ ትዘራለህ።»

«ለከርሞ ቤቱ የለማ አክስቴ።»

የቃጫ መምቻዋን ከጎተራ አውጥታ ደጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

መታሁት፣ አበጠርኩት። እኩሌታው ብናኝ ሆኖ በነፋስ ሄደ። የቀረውን ወፈር አድርጌ ፈተልኩት፤ ክቪዬታ ብታየው ገመድ ትለው ነበር። ድሩን ስወጥር ይበጠሳል፤ እቋጥራለሁ። ማጉን ስወረውር ይበጠሳል፤ እቋጥራለሁ። በረዶው የወደቀበትን ጊዜ ሁሉ በዚያ ቤት ስቋጥር አሳለፍኩት። ጨርቁ ሲወጣ አመድማ፣ ሻካራ፣ ቋጠሮው እንደ ሽፍታ የፈሰሰበት ነበር። ግን ጨርቅ ነው። እንደ ጥንቱ ከጉልበት በታች እንዲደርስ ረጅም አድርጌ ቆረጥኩና በአጥንት መርፌ ሰፋሁት።

ራዲምም አልተኛም። የሸክላ ምድጃ ሠርቶ፣ ከሰል ከስሎ፣ ከጅረቱ ዳር ያመጣውን ቀይ ድንጋይ አቀለጠ። የወጣለት ያረረ ዳቦ የመሰለ ጓል ነው። እሱን ሲቀጠቅጥ፣ ሲያጥፍ፣ መልሶ ሲቀጠቅጥ ይሰማኛል። መርፌ ሆኖ ቀዳዳው ሲበሳ እየተሰነጠቀ ስድቡ እስከ ጫካው ይደርስ ነበር። ገበያው ሊደርስ ሲል አንድ ቀን የሽመናው ዕቃ ላይ እንዳለሁ ገባና አንዲት ጥቁር፣ ወፍራም፣ እሾህ የመሰለች መርፌ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል።

«መርፌ» አለ፤ ወጣ።

የገበያው ዕለት ጠዋት ስመጣ ክቪዬታ ቤት ውስጥ ሁለት በርሜል ቆሟል።

«ቦታ እየያዝኩ ነው» አለች ይትካ። «ቅር አይበልህ ቪትዬ፣ እንዲያው ምናልባት ብዬ ነው።»

እጀ ጠባቡን ለራዲም ሰጠሁት። አጠለቀው። ትከሻው ላይ ትንሽ ያዘው እንጂ ልኩ ነበር። ቦሁሚላ ዞራ አይታው ራሷን ነቀነቀች፣ በሩ ተከፈተ፣ ሕዝቡ ገባ።

ራዲም እሳቱ ጋ ቆመ፤ እኔ አጠገቡ ግንድ ላይ ተቀምጬ በመርፌው ጆንያ መስፋት ጀመርኩ። የእኔም ግዴታ ነው፤ ያዘዝኩትን ቀኑን ሙሉ ልሠራበት ይገባል።

«ይሄ እሳት የእውነት ነው?» ብላ ጠየቀችው አንዲት ጎብኚ።

«አይ እመቤቴ፣ ሥዕል ነው። ከፈለጉ ይንኩት» አላት።

ምሳ ድረስ ምንም አልሆነም። ሚስማር ሠራ፣ ኩላብ ሠራ። እንዲያውም ልቤ ትንሽ ተረጋግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ለገበሬ ማጭድ የሚሆን ትልቅ ብረት እሳት ውስጥ ጨመረና ከባዱን መዶሻ አነሣ። ሦስተኛው ምት ላይ ከትከሻው ሥር ጠርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና አልኩ። ስፌቱ ደህና ነው፤ የሄደው ጨርቁ ራሱ ነው። ጀርባው ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል።

«በርሜል አስገባ!» ብላ ጮኸች ይትካ ከማዶ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

«አክስቴ» አልኩ፣ ከግንዱ ተነሥቼ፣ «የድሮ ሰው ልብሱ ሲቀደድ ይጥለው ነበር?»

ቦሁሚላ ቀዳዳውን አየች፣ እኔን አየች። «ይጥፈው ነበር» አለች። «ግን ከገላው አይወልቅም። ከወለቀ አልዋለም። ጨርቅም መርፌም ከሌላ ቦታ አታመጣም፤ ያንተው መሆን አለበት።»

የእኔ ጨርቅ እዚያው እጀ ጠባቡ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

«ራዲም፣ ትንሽ ቁምልኝ።»

«ብረቴ ግሏል» አለ ሳይዞር። «ብረት ቁም ብለው የሚቆም መስሎሃል? እንደ ልብሴ ነው የምለብሰው፤ እንደ ሙሽራ ልቁምልህ እንዴ?»

እውነቱን ነው። እያወቀ ቢጠነቀቅልኝ ድሉ የእኔ አይሆንም ነበር። ቢላዬን አወጣሁና ተንበርክኬ ከእጀ ጠባቡ ጠርዝ አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። ከዚያ ጀርባው ሥር ገብቼ መስፋት ጀመርኩ።

የሚንቀሳቀስ ሰው ጀርባ ላይ መስፋት ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም። ሲመታ መሸሽ አለብኝ። ሁልጊዜ ከመታ በኋላ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ሁለት ጊዜ ቀለል አድርጎ ነካ ነካ ያደርግና ብረቱን ወደ እሳት ይመልሳል፤ ወናፉን ሲጫን ጀርባው በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል። የእኔ ጊዜ ያ ነው። ነካ ነካ ሲል እቀርባለሁ፣ አምስት ስድስት ጊዜ እወጋለሁ፣ ብረቱን ሲያወጣ እሸሻለሁ።

«ወጋኸኝ!»

«አትንቀሳቀሳ!»

«ልብሱን ስፋ እንጂ እኔን ለምን ትሰፋኛለህ?»

አንዱን ቀዳዳ ሳልጨርስ ብብቱ ሥር ሌላ ተከፈተ። እንደገና ቆረጥኩ። ቀጥሎ ክርኑ። እንደገና። ከጉልበት በታች የነበረው ልብስ ወደ ጭን ወጣ፣ ከጭን ወደ ወገብ። ሕዝቡ ብረቱን ትቶ የሚያየው ይህንኑ ሆነ። የይትካ ቢራ እንደዚያ ቀን ተሸጦ አያውቅም፤ እሷ ግን ቢራዋንም ትታ መጥታ ቆማለች።

«ራዲም! እምብርትህ ሊወጣ ነው፣ ሕፃናት አሉ እኮ!» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ቪት፣ ግራ ጎኑን እየው፣ ሊሄድ ነው» አለችኝ። ከማን ጋር እንደሆነች ራሷም ያወቀችው አልመሰለኝም።

ግራ ጎኑ ሄደ። እሱን ስሰፋ መርፌዋ ቋጠሮ አገኛትና ቀጭ አለች። ቀዳዳዋ ላይ ለሁለት ተሰብራ ጭራዋ ሣር ውስጥ ወደቀ።

ራዲም ሰምቷል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻውን ሳያወርድ ቆመና ዞሮ እጄ ላይ ያለችውን ጉማጅ አየ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም፤ ዕቃ የሞተበት ሰው ፊት ነው።

«ቀዳዳው ላይ ነው?» አለ።

«ቀዳዳው ላይ ነው።»

«አውቄው ነበር። እዚያ ላይ አቅጥኜው ነበር።» ከዚያ ተነፈሰ። «በቃ፣ እኔ አልቆልኛል። አንተ በምን ልትሰፋ ነው?»

«መውጊያዋ አለ አይደል።»

በተረፈው ጉማጅ ቀዳዳ ቀዳዳ እየበሳሁ፣ የክሩን ጫፍ በሰም አድርቄ በጣቴ መክተት ጀመርኩ፤ ጫማ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት። እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ጣቴ ደማ። ጎኑን ዘጋሁት።

ፀሐይዋ የጫካው አናት ላይ ስትደርስ የምቆርጠው ጠርዝ አልቆ ነበር። እጀ ጠባቡ ከእምብርቱ በላይ ቆሟል፤ ጀርባው እራፊ በእራፊ ላይ ነው። ማጭዱ ግን አላለቀም። አንድ ቀዳዳ ቢጨመር የምጥፍበት የለኝም። እራፊዎቹ መሃል ጨርቁ ሲሳሳ፣ ሲነጣ ይታየኛል፤ በእያንዳንዱ ምት ክሮቹ አንድ በአንድ ሲለቁ አያለሁ።

ያኔ ክቪዬታ የምታደርገው ትዝ አለኝ። ድሩ ሲበጠስባት ጣቷን ውኃ ውስጥ ነክራ ክሩን ታረጥበው ነበር። የተልባ ክር ሲረጥብ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። በሚያዝያ ብርድ፣ አመሻሽ ላይ መሆኑን አላሰብኩም። ብረት የሚያቀዘቅዝበትን ገንዳ አየሁ፣ ባልዲውን ሞላሁ፣ ጀርባው ላይ ቸለስኩት።

የጮኸውን ጩኸት ከተማ ውስጥ የሰሙት ይመስለኛል።

«ምን ሆንክ አንተ! አበድክ እንዴ?»

«ልብስ ዝናብ አይመታውም እንዴ?» አልኩት። ይህን ያህል ጮክ ብዬ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። «አክስቴ፣ ክልክል ነው?»

«ዝናብ መቼ ክልክል ሆነ» አለች ቦሁሚላ።

«እናንተ ሰዎች ልትገድሉኝ ነው» አለ ራዲም፤ መዶሻውን ግን አነሣ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መታ። ጀርባው ጨሰ። መታ። ጨርቁ ተለጠጠ፣ ያዘ። ሁለተኛ ባልዲ ቸለስኩ። በስድብና በምት መሃል ማጭዱ ቅርጹን እየያዘ ሄደ፤ ከአሁን አሁን ተሰነጠቀ እያልኩ ዓይኔን ከዚያ ጀርባ ላይ አልነቀልኩም። ጥላው መጀመሪያ ምድጃውን፣ ቀጥሎ መስፉን፣ ቀጥሎ የእኛን እግር ሸፈነ።

«ገባች» አለች ቦሁሚላ።

ራዲም መዶሻውን መስፉ ላይ አስቀመጠ። ቦሁሚላ ቀርባ ጀርባውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ብብቱን አየች፣ ክርኑን አየች።

«ውሏል» አለች።

«የእኔስ?»

«ያንተ አልዋለችም።»

«አልዋለችም» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ትኬቱን የት ነው የማገኘው?»

ሰው አጨበጨበ። እኔ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ነበር፤ ሌላ የማደርገው አልመጣልኝም። ይትካ ወደ ክቪዬታ ቤት አየች፣ ወደ ወንድሟ አየች። «በርሜሎቼስ?» አለች፣ ድምፅዋ ቀንሶ።

«እኔ አወጣቸዋለሁ» አለ ራዲም።

ገባ። ተከተልኩት። የመጀመሪያውን በርሜል አቅፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ብድግ ሲል እጀ ጠባቡ ከአንገቱ እስከ ጠርዙ አንድ ጊዜ ተሰነጠቀና ግራና ቀኝ ተንጠለጠለ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ወደ ቦሁሚላ ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? ፀሐይዋ ገብታለች» አለች።

ራዲም ደረቱን ገልጦ ሁለቱንም በርሜል አወጣ። ሲመለስ ብርዱ ፀጉሩን አቁሞታል። የተቀደደውን ጨርቅ ከትከሻው ላይ ገፎ የሽመናው ዕቃ ላይ አኖረልኝ።

«አሁን እኔ ምን ልልበስ?» አለ።

«ተልባውን ነገ እዘራለሁ» አልኩት፤ በርሜሎቹ የቆሙበትን መጥረግ ጀመርኩ።